ዘመድ ያልነበራቸው ሽማግሌ

በዚያ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጽዱ ሥር የተገኘነው እነዚህ ነን። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የኔታ ላቀው፣ የደብሩ መሪጌታ። ከእሳቸው ጋር ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከዳባት አንዱ ከደባርቅ፤ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። በሟች ወገን አያ ወርቁ ከአምቢኮ፣ ባለቤታቸው እማማ እናኒና ልጃቸው ጌጡ። በእኛ ወገን እኔና ልጄ ሀብታሙ። ከማንም ወገን ያልነበሩት ደግሞ ናይጄሪያዊው መምህር ኦቢ። ሌላ ሰው አልነበረም።

ስማቸውን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ስለዚያ ቀን ከተማው ውስጥ ብዙ ተወርቷል። ባዕዱ ሰው መድኃኒት አዞረባቸው ያለ አለ፤ ልጇን ሸጠችው ያለም አለ። ያየነው እኛ ነን፤ እንዲህ ነበር።

ያን ጊዜ ደባርቅ የምኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበርኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብና መጻፍ ግን አልረሳሁም። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ትርፍ ክፍል ለአስተማሪዎች አከራያለሁ። ከድሮም ፈሪ ነኝ። በር ከቆለፍኩ በኋላ ተነሥቼ መቆለፉን እንደገና በእጄ እነካለሁ። ሀብታሙንም ያሳደግሁት እንዲሁ ነው፤ ዛፍ አትውጣ፣ ወንዝ አትግባ እያልኩ። ልጁ አድጎ የኢሱዙ ሹፌር ሆነ። ዛፍ ያልወጣው ልጅ ሊማሊሞን ቁልቁል ሲነዳ ይውል ጀመር።

መምህር ኦቢ ክፍሏን የተከራዩኝ ሀብታሙ ገና ረዳት ሳለ ነው። እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ የመጡ፣ ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ድምፃቸው ከደረታቸው የሚወጣ ሰው ነበሩ። በአገራቸው ብዙ ዘመን አስተምረው ርእሰ መምህር ሆነው ነበር። አማርኛውን የተማሩት ከገበያ ነው፤ ቃሉን እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው እያስቀመጡ ይናገራሉ። እኔን "እማማ ሀብታሙ" ይሉኛል፤ በአገራቸው እናት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። አንድ ክረምት አገራቸው ሄደው ሲመለሱ ቀይ ቆብ ይዘው መጡ። አጎታቸው ሲሞቱ መንደሩ ሹመታቸውን ለእሳቸው ሰጥቷቸው ነበር።

"ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"በአገሬ ሰው ይህን ቆብ ሲያይ ይነሣል።"

"እዚህም የሚነሡልዎ አሉ፤ ሊስቁብዎ።"

"ይሳቁ። እየሳቀ የሚጣላ ሰው የለም" አሉኝ።

የኔታ ላቀው ወሬውን ሰምተው፣ "እንግዲያ አንቱ ጭቃ ሹም ነዎት" አሏቸው። "እዚህ ተቀምጠው ሳለ ግብሩን ማን ይሰበስብልዎታል?"

"ታናሽ ወንድሜ።"

"እንግዲያማ ተበልተዋል" አሉ የኔታ። ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት የወንድምየውን ጤና ነው።

ከዚያ ያ ክፉ ነገር መጣ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርዱ ጎበዞች መኪና ይቸግራቸዋል። ሀብታሙ ወደ ዛሪማ ጭነት ይዞ ሲወርድ ከጭነቱ ላይ አሳፈራቸው። ሁሉም ሹፌር ያደርገዋል። ከሊማሊሞ ጠመዝማዛዎች አንዱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው። ገደል ከምገባ ብሎ መኪናውን ከተራራው ጋር አጋጨው። ሌሎቹ ተረፉ። አንዱ ሞተ፤ ይርዳው ወርቁ የሚባል የአምቢኮ ልጅ።

ሀብታሙ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ታስሮ ወጣ። የመንግሥቱ ፍርድ አለቀ። የደሙ ግን አላለቀም። በእኛ አገር በጥይትም ይፍሰስ በጎማ ደም ደም ነው። የሟች ታናሽ ጌጡ በየገበያው ቀን ከአምቢኮ ይወርድና ከደጄ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። አይሳደብም፤ አይዝትም። በሬን ብቻ ያያል። ገበያው ሲበተን ተነሥቶ ይሄዳል።

ሀብታሙን ከቤት ማውጣት ተውኩ። መስኮቱን በካርቶን ደፈንኩት። ሲያስል ሮጬ አፉን በእጄ እይዘዋለሁ። ከእስር ቤት አውጥቼ እኔው አሰርኩት።

አንድ የገበያ ቀን መምህር ወጥተው ከጌጡ አጠገብ ተቀመጡ። በካርቶኑ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ሲመለሱ "ምን አለዎት?" አልኩ።

"ዳቦ ሰጠሁት። ከደመኛዬ ግቢ የወጣ ዳቦ አልበላም አለኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። በጣም ልጅ ነው" አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ወደ አምቢኮ ሽማግሌ እየላክሁ ከረምኩ። በመጨረሻ የኔታ ላቀው ደክሟቸው መጥተው ከደጃፌ መደብ ላይ ተቀመጡ።

"አያ ወርቁ ሽማግሌ አልጠላም ይላሉ" አሉኝ። "ግን አንዱን ሽማግሌ የእናቱ አበልጅ ነህ ብለው መለሱት። ሌላውን እህትህ እነሱ ዘንድ ተድራለች አሉት። እኔን ደግሞ ሀብታሙን ክርስትና ያነሣው የእርስዎ ወንድም ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዘመድ የሌለው ሰው ካመጣችሁ እቀመጣለሁ አሉ። ከወገራ እስከ ጃናሞራ ከማንም የማይዛመድ ሰው ከየት ይመጣል?"

ይህን ሲሉ መምህር በክፍላቸው ውስጥ በአገራቸው ቋንቋ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። የኔታ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

"አንቺ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ከዚህ የባሰ ባዕድ ከየት ይመጣል?"

መምህር መጀመሪያ አልተቀበሉም። "የደም ነገር አውቃለሁ፤ በአገሬ አይቻለሁ። የእናንተን ሥርዓት ግን አላውቅም" አሉ።

"ሥርዓቱን እኛ እናውቀዋለን" አሉ የኔታ። "የአንቱ ሥራ ዘመድ አለመሆን ብቻ ነው።"

አያ ወርቁ ተጠየቁ። የማን ዘር ነው አሉ። የማንም አይደለም ተባሉ። እንግዲያው ይሁን፤ እሱ ካለ እናንተም ተቀመጡ አሉ።

የቀጠሮው ጧት ጉም ነበር። በሥርዓቱ የገዳይ ወገን እስኪጠራ ድረስ ለሟች ወገን አይታይም። ስለዚህ እኔና ሀብታሙ ከድንጋዩ ካብ ማዶ ተቀመጥን። ሲጠሩት ተሸክሞት የሚገባው ድንጋይ ከእግሩ ሥር ነበር። አናያቸውም፤ እንሰማቸዋለን።

ሌላም ሥርዓት አለ። እርቅ እስኪወርድ ድረስ የሟች ስም አይነሣም፣ ደግነቱም አይወራም። ደም ይቀሰቅሳል። ይህን ለመምህር የነገራቸው አልነበረም። ለእኛ እሳት ያቃጥላል እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ስለሚያውቀው አይነገርም።

የኔታ ጸሎት አደረሱ። ወዲያና ወዲህ ተባባሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም አሉ።

"እታረቃለሁ አላልኩም፤ አልታረቅም አላልኩም" አሉ አያ ወርቁ። "ዘመድ የሌለው ይምጣ አልኩ፣ መጣ። እሱ ደግሞ ዝም ብሏል። ለጉንጭ ማልፋት ከአምቢኮ አልወረድኩም።"

ያን ጊዜ የመምህር ድምፅ ተሰማ።

"አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ይጠይቁ እንግዳው።"

"ይርዳው ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

ሀብታሙ እጄን ያዘኝ።

"ኧረ መምህር፣ ይተዉ" አሉ የኔታ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ምን አጠፋሁ?"

"አለቀልን" አለ የዳባቱ ሽማግሌ።

ከዚያ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ያን ድምፅ በሠርግም በለቅሶም ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም። በልጄ ላይ ተደፋሁ። ካቡ መካከላችን እንዳለ እንኳ ረስቼ ነበር።

"ቁጭ በል አንተ" አሉ አያ ወርቁ።

"አባባ፣ ስሙን እኮ አነሡት" አለ ጌጡ።

"ቁጭ በል አልኩህ። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።" ሲቀጥሉ ድምፃቸው ሌላ ነበር። "ልጁ ከሞተ ወዲህ እንዴት እንደሞተ ያልጠየቀኝ የለም። ምን ዓይነት ልጅ ነበር ያለኝ ግን የለም።"

ተናገሩ። ይርዳው አፋር ነበር አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ከጓሮ ይገባል። ገብስ ሲወቃ በሬዎቹን ይመክራቸዋል፤ "ዳማ፣ ቀስ በል፣ እህሉ የራሳችን ነው፣ የሚቀድመን የለም" ይላቸዋል። ከእናቱ ጋር ሲጋጭ ይቅርታ አይልም፤ በማግሥቱ ግን እንስራው ውኃ ተሞልቶ ከበራፏ ይገኛል። ሲሄድ ቀኙን ጫን ይላል፤ የቀኝ ጫማው ሁልጊዜ አስቀድሞ ያልቃል። ቆላ የወረደው ለእናቱ ብርድ ልብስ ሊገዛ ነው።

"አንቱ፣ የአህያዋን ደግሞ ይንገሯቸው" አሉ እማማ እናኒ።

"ምኑን እነግራለሁ፤ መሳቂያ ልሆን?"

"ይንገሩ እንጂ።"

"ጨው ጭነህ ና ብዬ ላክሁት" አሉ አያ ወርቁ። "ከመሸ ሲመጣ ጨውን እሱ ተሸክሟል፤ አህያዋ ባዶዋን ከኋላው ትከተለዋለች። ምነው ስለው አቀበቱ ላይ ደክሟት ነበር አለኝ። አንተስ ስለው እኔ ቤቴ መድረሴን አውቃለሁ፣ እሷ ግን አታውቅም አለኝ።"

እማማ እናኒ ሳቁ። የኔታም ሳቁ። እኔም ከካቡ ማዶ ሳቅሁ፤ ሳቄን ስሰማው ደነገጥሁ። ሳቁ ሳያልቅ እማማ እናኒ ማልቀስ ጀመሩ። ማንም ዝም በይ አላላቸውም።

"አሁን ነገርኳችሁ" አሉ አያ ወርቁ። "ይህን ልጅ ምን ይተካልኛል? ከብት? ብር?"

"በአገሬም እንዲህ ይባል ነበር" አሉ መምህር። "በድሮ ጊዜ ነው። የሰው ቦታ በገንዘብ አይሞላም ብለው የገዳይ ወገን ሰው ይሰጣል። እንዲገደል አይደለም፤ እንዲኖር ነው። የሟቹን ማሳ ያርሳል። በሟቹ መኝታ ይተኛል። የሟቹን እናት እናቴ ይላል።"

"ይህ ባርነት አይደለም ወይ መምህር?" አሉ የኔታ።

"ባርነት የሆነበት ጊዜ አለ። አልዋሽም። ልጅነት የሆነበትም አለ። የአባቴ አባት እንደዚህ የተሰጠ ሰው ነበር። ይህን ቆብ ለእኔ የሰጠችኝ መንደር እሱን የተቀበለችው መንደር ናት።" ቀጥለው፣ "አድርጉ ማለቴ አይደለም። አባቴ ስለ ጠየቁ ነው" አሉ።

ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ካቡን አልፎ እኛን ሸፈነን። ከዚያ የእማማ እናኒ ድምፅ መጣ።

"ልጁን አምጡልኝ። ልየው።"

ሀብታሙ ድንጋዩን ከማጅራቱ አድርጎ ገባ። እኔን የጠራኝ የለም፤ ተከትዬው ገባሁ። ከፊታቸው ተንበረከከ። ጌጡ ከጽዱ ሥር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቁጭ ብሏል።

"ድንጋዩን አውርደው" አሉ እማማ እናኒ። "አንገትህ ቀጭን ነው።"

አያ ወርቁ ብዙ አዩት። "አባት አለህ?"

"ሞቷል።"

"የጡት ልጅ ሁነኝ ብልህ እሺ ትላለህ? እንዳትዋሸኝ። ፈርተህ ከሆነ አይሆንም።"

"ፈርቻለሁ አባባ" አለ ሀብታሙ። "ግን ቤታችን ተደብቄ መኖር ኑሮ አይደለም። እሺ።"

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም።

"አንቺስ?" አሉኝ አያ ወርቁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስንት ጊዜ ለማርያም ተንበርክኬ ይኑርልኝ ብያታለሁ። ይኑርልኝ ስል ከእኔ ጋር ማለቴ ነበር፤ ግን እንደዚያ ብዬ አልለመንኩም። የለመንኩት ተሰጥቶኝ ቆሜ ነበር። ጌጡን አየሁት። ጠመንጃውን አየሁት።

"እሺ" አልኩ።

የጡት ልጅ ሥርዓቱ አጭር ነው። ከአቅራቢያ ቤት ማር ተለምኖ መጣ። አያ ወርቁ አውራ ጣታቸውን ሊነክሩ ሲሉ እማማ እናኒ፣ "ጡቱ የእኔ አይደለም ወይ?" ብለው ማሩን ወሰዱ። የራሳቸውን ጣት ነክረው ሀብታሙን እንደ ጡት አጠቡት። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ይወርሳል፤ ሲሞቱም ይቀብራል። በቤቱ ላይ እጁን የሚያነሣ የለም።

"ወንድምህ ነው፣ ሳመው" ተባለ ጌጡ። ጠመንጃውን ከጽዱ አስደግፎ መጥቶ ሳመው። ሲስመው ዓይኑን አልጨፈነም።

ሊሄዱ ሲሉ እማማ እናኒ ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በዕድሜ ብዙ አይበልጡኝም፤ እጃቸው ግን የአሮጊት እጅ ነበር።

"ሲበርደው ያስላል?" አሉኝ።

"ያስላል። ደረቱን ካልሸፈነ ያስላል።"

"የማይበላው ነገር አለ?"

"አብሽ አይወድም።"

"ሲቆጡትስ?"

"ዝም ይላል። አያኮርፍም፤ ዝም ነው የሚል።"

"ይርዳውም ዝም ነበር የሚል" አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው ለሀብታሙ ደረቱ ላይ ጠመጠሙለት። አቀበቱን ሲጀምሩ ጉሙ ዋጣቸው። መጨረሻ የታየኝ የነጠላው ጥለት ነው።

ሀብታሙ ዛሬም አምቢኮ ነው። ዳነ ወይ ብትሉኝ ድኗል። ያርሳል፤ ገበሬ ሆኗል፣ ወዝቷል። ጌጡም ክፉ አልተናገረውም። መጀመሪያ ልጠይቀው የሄድኩ ጊዜ ግን በግቢው አብረን ቆመን ስንጫወት እማማ እናኒ ከቤት ውስጥ "ይርዳው" ብለው ተጣሩ። ልጄ "አቤት እማዬ" ብሎ ገባ። እኔ ከደጅ ቆሜ ቀረሁ። ኋላ ስጠይቀው፣ "ለምዶባቸው ነው፤ ባርማቸው ያዝናሉ" አለኝ።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ የሚሉኝ አሉ። ለቅሶ ስሄድ እንዴት ሞተ አልልም፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር እላለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። እናንተም ጠይቁ እላችሁ ነበር፤ ነገር ግን የሚመጣውን ሳልነግር መምከር ፈራሁ። ነገሩ የተነገራችሁ ሟች ተከትሏችሁ ይመጣል። እኔ ይርዳውን በሕይወቱ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ፎቶግራፉንም አላየሁም። ግን ቤቴ ይገባል። ብቻዬን ተቀምጬ በጠጠሩ ላይ ኮቴ እሰማለሁ፤ ቀኙን ጫን የሚል። ጧት በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው እንስራውን ነው፤ ማታ ባዶ ያስቀመጥኩት ሞልቶ እንዳይጠብቀኝ እፈራለሁ። ሞልቶ አያውቅም። ባዶ ሆኖ ሳገኘው ደግሞ አዝናለሁ። በቄስ ጠበል አስረጭቻለሁ፤ አልተወኝም። መስኮቱን የደፈንኩበት ካርቶን ዛሬም አለ፤ ባነሣው ማንን እንደማስወጣ፣ ማንን እንደማስገባ አላወቅሁም። የተለዋወጥን ይመስለኛል። እነሱ ሕያዉን ወሰዱ፤ እኔ ሙቱን።

መምህር ኦቢ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ጊዜው ከፋ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ውጡ ተባሉ። ዕቃቸውን ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ሲጭኑ ያን ሁሉ ጊዜ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

"የአያትዎ እናትስ? ልጇን የሰጠችው?"

ቆሙ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት።

"ስለ እሷ ማንም ነግሮኝ አያውቅም" አሉኝ። "ስሟንም አላውቅም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። አገሬ ስገባ ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ፤ ለእማማ ሀብታሙ እደውላለሁ።"

ከዚያ ስልኩም ተቋረጠ፣ መንገዱም ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት በሰው አስጠየቅሁ። ጎንደር ታይተዋል ያለኝ አለ፤ አገራቸው ገብተዋል ያለኝ አለ፤ ታመዋል ያለኝም አለ። የሚያረጋግጥልኝ አላገኘሁም።

ደባርቅ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማሯችሁ፣ ወይም ከእሳቸው ጋር ያስተማራችሁ፣ መምህር ኦቢ የት እንዳሉ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በሕይወት እንዳሉ ብቻ ብትነግሩኝም ይበቃኛል። የምታገኟቸው ከሆነ ደግሞ የዚያች ሴት ነገር ተገኝቶ እንደሆነ ጠይቁልኝ፤ ልጇ ተመልሶ ያያት እንደሆነ።